ስላሸነፍን ይቅርታ እንጠይቃለን

ለክቡራንና ክቡራት የሰሜን ኮሌጆች የበረዶ ሆኪ ማኅበር የሻምፒዮና መራጭ ኮሚቴ አባላት
ባላችሁበት

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? ቤተሰብ፣ ሠንጠረዥ፣ ማስያ ማሽን ሁሉም ደህና ናቸው? እኛ የሬድ ሌጅ ከተማ ነዋሪዎች ከሻምፒዮናው ናፍቆት በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነን። በረዶው ዘንድሮም መስኮታችን ድረስ መጥቶ ጠይቆናል፣ ሐይቁ ገና አልቀለጠም፣ ጣሪያ መጥረጉም እንደ ቀጠለ ነው። ለእናንተም ለወገባችሁ፣ ለጉልበታችሁ፣ በተለይም ለዓይናችሁ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ዓይናችሁን ለይቼ የጠቀስኩት ለክፋት አይደለም፤ ክረምቱን ሙሉ ቁጥር ላይ ተተክሎ የከረመ ዓይን ሰው ማየት እንደሚያቅተው የዓይን ሐኪም ጓደኛዬ ስለነገረችኝ ነው።

እኔ ሲልቪያ ኬስኪታሎ እባላለሁ፤ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ሆኪ ተጫውቼ አላውቅም፤ በረዶ ላይ ስቆም እንደ ተወለደ ጥጃ እግሬ ይከዳኛል። ነገር ግን ክሊኒኬ ከኮሌጃችን የበረዶ ሜዳ ፊት ለፊት ነውና ቡድናችንን፣ «አካፋዎቹ» የሚባሉትን ማለቴ ነው፣ ከእኔ በላይ ውስጡን የሚያውቅ ሰው የለም። አሠልጣኙ እንኳ የሚያያቸው ከውጭ ነው፤ አፋቸውን ከፍተው የሚቀመጡት እኔ ፊት ነው።

ደብዳቤዬን ለመረዳት አንድ ልማዳችንን ማወቅ ይኖርባችኋል። ፓክ የምንላት ያቺ እንደ ድንጋይ የደረቀች ጥቁር ጎማ የአንዱን ተጫዋች የፊት ጥርስ ይዛ ስትሄድ፣ እኔ ምትኩን ወዲያው እሠራለሁ፣ ልጁ ግን አይገጠምለትም። ቡድኑ ሻምፒዮና ገብቶ እስኪጫወት፣ ያ ካልሆነም ልጁ ተመርቆ እስኪሄድ ድረስ፣ ጥርሱ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። አካፋዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ ሻምፒዮና የገቡበት ዓመት ግማሹ ቡድን ወላቃ ስለነበር፣ ዕድል የምትመጣው በዚያ ክፍተት ነው ተብሎ ይታመናል። እኔ እንደ ሐኪም ተቃውሜ፣ ለምኜ፣ ተቆጥቼ ነበር፤ ማን ሰምቶኝ! ሻምፒዮና ሳይገቡ ተመርቀው ጥርሳቸውን ሊወስዱ የሚመጡት ልጆች ወንበሬ ላይ ሲቀመጡ ፊታቸው የቀብር ፊት ነው።

አምበላችን ኔልስ ሩኦና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ የተቆጠረች ያህል የነበረችን ግብ በአፉ መልሶ፣ ሦስት የላይኛ የፊት ጥርሶቹን አጣ። «አንተ ልጅ፣ በደረትህ ብትመልሳት ምን ነበረበት?» ብዬ ስጠይቀው፣ ደሙን እየተፋ «ደረቴ አልደረሰም፣ ዶክተር» አለኝ። ዘንድሮ አራተኛውና የመጨረሻው ዓመቱ ነበር። በግንቦት ደግሞ ያገባል። እናቱ ሱቅ ውስጥ ባገኘችኝ ቁጥር ክንዴን ይዛ፣ «ሲልቪያ፣ በሞቴ፣ ልጄ በሠርጉ ፎቶ ላይ እንደ ተሰበረ አጥር ሆኖ እንዳይወጣ» ትለኛለች። እኔም «አይዞሽ፣ ዘንድሮ ይገባሉ፣ ከነክብሩ እገጥምለታለሁ» እላታለሁ። እንዲሁ ላጽናናት ብዬ አልነበረም፤ እውነትም ሊገቡ ነበር።

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣ ቁጥር ያልተቀደመበት ነገር ዓይናችሁ አይገባም ሲሉ ስለሰማሁ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጫቸዋለሁ።

አንደኛ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ከጣሪያ ልጀምር። በጥር ወር የሴንት ኦዳ ኮሌጅ የበረዶ ሜዳ ጣሪያ የተከመረበትን በረዶ መሸከም አቅቶት ተደረመሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ውስጡ ሰው አልነበረም። ሴንት ኦዳን በደንብ ታውቁታላችሁ፤ ሠንጠረዣችሁ ከታች ወደ ላይ ሲነበብ አንደኛ ነው። ሜዳ የሌለው ቡድን ደግሞ ወይ የሚያስጠጋው ያገኛል፣ ወይ ይበተናል። አሠልጣኛቸው ግሌን ትሮምብሊ ስልኩን ይዞ፣ «ሜዳችሁ ላይ ተቀብላችሁ ተጫወቱን» እያለ ኮሌጁን ሁሉ አዳረሰ። በስተደቡብ ያለው ትልቁና ባለጸጋው ቤልሃም ዩኒቨርሲቲ ሁለት ቀን አስቦ፣ «ፕሮግራማችን ሞልቷል፣ እናዝናለን» አለው። የእኛው አሠልጣኝ ፔርቲ ሃላ ግን ቀመር የማያውቅ ሰው ነውና፣ «በረዶ ሞልቶናል፤ ኑ» ብሎ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት። ፔርቲ ብዙ ማውራት አይወድም።

መጡ። በየቤቱ ተከፋፈሉ፤ ለእኔ በረኛቸው ደረሰኝ፣ አንሰን የሚባል ሸንበቆ የመሰለ ልጅ። ሥጋና ድንች የታጨቀባቸውን ፓስቲዎቼን ሰልቅጦ ሲያበቃ ባለቤቴ ሳውና ወደምንለው የእንፋሎት ቤት አስገባው፤ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ወጥቶ፣ «ዶክተር፣ እዚህ ሰው የሚታሰረው በምን ወንጀል ነው?» አለኝ። በማግሥቱና በተከታዩ ቀን በሜዳችን ላይ ሁለት ጨዋታ ተጫወትን፤ ሁለቱንም እኛ አሸነፍን፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። ኔልስ ብቻውን ሦስት አገባ። እኛም ሞኞቹ፣ ማሸነፍ ደግ ነገር መስሎን፣ ቆመን አጨበጨብን።

ከዚያ በኋላ በሊጋችን ፍጻሜ በጭማሪ ሰዓት ተሸነፍን። እርሱ የእናንተ ጥፋት አይደለም፤ የበረኛችን ነው፣ እርሱንም ይቅር ብለነዋል። የሊግ ሻምፒዮኖች በቀጥታ ይገባሉ፣ የቀሩትን ደግሞ እናንተ በቀመር ትመርጣላችሁ፣ እኛም በዓመቱ ካሸነፍነው ብዛት አንጻር ልባችንን ነፍተን ጠበቅን። ምርጫው በሚታወጅበት እሑድ ከተማው ሁሉ በኮሌጁ አዳራሽ ቴሌቪዥን ፊት ተሰበሰበ። ኔልስ ከእጮኛውና ከእናቱ መካከል ተቀመጠ። እኔ ደግሞ፣ አትሳቁብኝ፣ ሦስቱን ጥርሶች በትንሽ ሳጥን አድርጌ በኮቴ ኪስ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ስማችን በተጠራ ሰዓት ከፍ አድርጌ ላሳየው።

አሥራ ስድስተኛውና የመጨረሻው ስም ቤልሃም ሆነ። በእኛና በእነርሱ መካከል የነበረው ልዩነት፣ ዜሮ ነጥብ ተብሎ ከተጀመረ በኋላ አራተኛው አኃዝ ላይ የሚገኝ ነገር ነው፤ ያንን ያህል ስንጥር በጥርስ መካከል ቢገባ እኔ በመሣሪያ አላገኘውም።  ቀጥሎ የኮሚቴያችሁ ቃል አቀባይ፣ በጣም ያማሩ ጥርሶች ያሉት ሰው ነው፣ ለዚህስ ምስጋና ይገባዋል፣ ፈገግ ብሎ እንዲህ አለ፦ «ሬድ ሌጅ ከሴንት ኦዳ ጋር እነዚያን ሁለት ጨዋታዎች ባያደርግ ኖሮ በቀላሉ ይገባ ነበር።» ጋዜጠኛው ግራ ገብቶት «ግን እኮ ሁለቱንም አሸንፈዋል» ቢለው፣ «አዎ፤ እኛ ይህንን ጎጂ ድል እንለዋለን» አለ።

ጎጂ ድል! እኔ በሙያዬ ጎጂ ከረሜላ አይቻለሁ፣ ጎጂ ለስላሳ መጠጥም አይቻለሁ፤ ጎጂ ድል የሚባል ነገር ስሰማ ግን የመጀመሪያዬ ነው፣ ስላስተማራችሁኝ አመሰግናለሁ። የገባቸው ሰዎች በኋላ እንዳስረዱኝ፣ በቀመራችሁ ዘንድ የአንድ ቡድን ክብደት በአብዛኛው የሚለካው ራሱ በሠራው ሳይሆን ተጋጣሚዎቹ በሠሩት ነው፤ ስለዚህ ደካማን የነካ ሰው፣ ቢያሸንፈውም እንኳ፣ ድካሙ እንደ ጉንፋን ይጋባበታል። ቤልሃም ይህን አውቆ በሩን ዘጋ፣ ጤነኛ ሆኖ ገባ። እኛ በራችንን ከፍተን ታመምን።

ያኔ በአዳራሹ ኔልስ ብድግ ብሎ ወደ ፔርቲ ዞረና፣ «አሠልጣኝ፣ ከእንግዲህ የጎረቤት ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ ማስያ አምጡ፣ ከዚያ ነው አካፋ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሆድ እያረረ ይስቃል። የኔልስ ባዳ ደግሞ በእኔ ኪስ ውስጥ ነበር፤ እጄን ጨምሬ ሳጥኑን ጨብጬ ያዝኩት እንጂ አላወጣሁትም። እናቱ አላየችኝም መሰለኝ፤ መሬት መሬት ነበር የምታየው።

ሁለተኛ፦ ይህ ቅሬታ ሳይሆን የዋህ ጥያቄ ነው። ሰው «እንዴት እንዲህ ትፈርዳላችሁ?» ብሎ በጠየቃችሁ ቁጥር፣ በሚያስመሰግን ትሕትና፣ «እኛ አልፈረድንም፤ ቀመሩ ነው» ትላላችሁ። እውነት ነው ብዬ ተቀብያለሁ። እንግዲያውስ ቀመሩ ብቻውን የሚመርጥ ከሆነ፣ እናንተ ከስድስት አቅጣጫ በአውሮፕላን መጥታችሁ በዚያ በሚያምር ሆቴል ሦስት ቀን ተዘግታችሁ የምትውሉት ምን ልታደርጉ ነው? ማስያ ማሽን ብቻዬን ሳድር እፈራለሁ ብሎ ያውቃል? ወይስ ምሳ አይበላምና በእርሱ ፈንታ የሚበላለት ሰው አስፈልጎ ነው? እኔ በክሊኒኬ ጥርስ የሚነቅል ማሽን ብገዛ፣ ሕመምተኛው ሲጮህ «እኔ አይደለሁም፣ ማሽኑ ነው» ብዬ ጥግ ይዤ ሳንድዊች ብገምጥ፣ የሐኪሞች ማኅበር ፈቃዴን በነጋታው ይቀማኝ ነበር። እናንተን ግን የሚቀማችሁ የለም፤ እግዚአብሔር በሹመታችሁ ያክርማችሁ።

ሦስተኛ፦ ይህንን ዘልዬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ከአንደኛውም ከሁለተኛውም የበረታ ቅሬታ ነበር፤ ነገር ግን እኔም የራሴን ቀመር አውጥቼ ብመዝነው በአራተኛው አኃዝ ላይ ትንሽ ጎደለና ሳይመረጥ ቀረ። አዝናለሁ። እኔ አይደለሁም፣ ቀመሩ ነው።

አራተኛ፦ ስለ ገለልተኛ ሜዳ። የሻምፒዮናው የመጀመሪያ ዙር ለማንም እንዳያዳላ በማሰብ ገለልተኛ በሆነ ሜዳ እንዲሆን መደንገጋችሁን አደንቃለሁ። የዘንድሮው አንዱ ገለልተኛ ሜዳ የሚገኘው ቤልሃም ከተማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ ነው፤ አዘጋጁ ቤልሃም ስለሆነም ቤልሃም በቤልሃም እንዲጫወት ደንባችሁ ያዛል። የቤልሃም ልጆች ገለልተኛው ሜዳ ድረስ በነጠላ ጫማ ሄደው የራሳቸውን ቁም ሣጥን ከፍተው ልብሳቸውን ቀይረዋል ማለት ነው። ግን ይህ አድልዎ ነው ብዬ አልከስም፤ ምክንያቱም ጥቅም አላገኙበትም። ተማሪዎቻቸው ለዕረፍት ወደ ሞቀበት አገር ሄደዋል፣ የተጋጣሚያቸው ደጋፊዎች ደግሞ የሁለት ቀን መንገድ ርቀው ቀርተዋል። ማታ በድጋሚ ሲተላለፍ በቴሌቪዥን ስመለከት ከሰው ይልቅ ወንበር ይበዛ ነበር። አንድ አዛውንት ጋዜጣ ሲያነቡ ካሜራው ሁለት ጊዜ አሳያቸው፤ ሁለት ጊዜም ገጽ ገለጡ።

እንግዲህ ይህች ሴትዮ መንቀፍ ብቻ ነው የምታውቀው እንዳትሉኝ፣ ምክርም አለኝ። መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥም ይባላል፤ እናንተ ደግሞ ብዙ ዓመት እንድትነግሡ ነው የምፈልገው። ቀመራችሁን አቃጥሉት አልልም፤ ቁጥር ጥሩ አገልጋይ ነው፣ እኔም ጥርስ እቆጥራለሁ። ብቻ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ አሸንፎ የተጎዳ ቡድን አይኑር። ያሸነፈ ቢያንስ ባለበት ይቆይ። ሁለተኛ፣ ሜዳ ላጣ ጎረቤት ሜዳውን የከፈተ ቡድን በሁለት እኩዮች መካከል ምርጫ በመጣ ጊዜ ይቅደም፤ በአራተኛው አኃዝ ላይ ከምትፈልጉት ልዩነት ይህ ልዩነት በዓይን ይታያልና። የመጀመሪያውንም ዙር በልጦ በተገኘው ቡድን ሜዳ አድርጉት፤ እዚያ ሰው አለ። ከተማው ይገባል፣ ሕፃናት መስታወቱን ይደበድባሉ፣ የዳኛው እናት በስም ትነሣለች፣ ጨዋታ ጨዋታ ይመስላል። ከዚያ ቀጥሎ፣ እባካችሁ፣ እያንዳንዳችሁ በክረምቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቀን ወደ አንዱ ትንሽ ኮሌጅ ሄዳችሁ በቀዝቃዛው የእንጨት መቀመጫ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ጨዋታ ሙሉውን እዩ። መቀመጫው ይቀዘቅዛል፤ የምላችሁ ግን ከራስ ይልቅ በመቀመጫ የሚገቡ ነገሮች አሉ። የሰው ዓይን ይሳሳታል ትሉኛላችሁ። ይሳሳታል። የተሳሳተ ሰው ግን ፊቱ ቀልቶ ይቅርታ ሊል ይችላል።

አሁን ደግሞ እናንተ ያላያችሁትን ልንገራችሁ። ከምርጫው ሦስት ቀን በኋላ ያው ግሌን ትሮምብሊ ለፔርቲ ደወለ። «ልጆቼ መምጣት ይፈልጋሉ» አለው። ፔርቲም «ለምን?» አለ። «ሊጫወቱ ነዋ! እናንተም የምትሄዱበት ሻምፒዮና የላችሁ፣ እኛም የለን፤ ሥራ ፈት ለሥራ ፈት ነን።» ፔርቲ እንደ ልማዱ «ኑ» ብሎ ዘጋ። እናም ቤልሃም በገለልተኛው ሜዳው በሚጫወትበት በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ የሴንት ኦዳ አውቶቡስ ጣሪያው ላይ በረዶ ተጭኖበት ወደ ሬድ ሌጅ ገባ። ማኅበራችሁ እንዳይቆጣ ብለን የኮሌጅ ጨዋታ አላልነውም፤ ማልያቸውን ገልብጠው ለበሱ፣ ዳኛውም የከተማችን ፖስተኛ ነበር። እናንተ ያላወቃችሁት ነገር በሠንጠረዣችሁ ላይ ሊጎዳን አይችልም ብለን ተጽናናን።

ሰዉ እስከ መተላለፊያው ድረስ ሞላ። ሱቆች ተዘጉ፣ እኔም የጥርስ ሥር ሕክምና የጀመርኩለትን ሰው በጊዜያዊ መሙያ አፉን ደፍኜ አብረን ተሻገርን፤ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ በግማሹ ሲጮህ ዋለ። አንሰን፣ ያ በፓስቲ ያደለብኩት ሸንበቆ፣ በዚያ ቀን ምን እንደ ነካው አላውቅም፤ ከኔልስ ብቻ ስድስት ያለቀላቸው ምቶች መለሰ፣ አንዷን ተኝቶ በጫማው ጫፍ። እኔ ራሴ ከመናደዴ የተነሣ፣ «አንተ፣ የበላኸውን መልስ!» ብዬ ጮኼበታለሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንዷን አገቡብን፤ አበቃ። ዓመቱን ሙሉ ሁለት ጨዋታ ብቻ ያሸነፈው ሴንት ኦዳ በገዛ ሜዳችን፣ በገዛ ሕዝባችን ፊት አራት ለሦስት አሸንፎን ሄደ።

እጅ ለመጨባበጥ ሲሰለፉ አንሰን ኔልስ ዘንድ ሲደርስ ቆመና፣ ሁላችንም እየሰማን፣ «ባለፈው ስለተሸነፍንላችሁ ይቅርታ። ይኸው፣ ጠንካራ ሆንንላችሁ» አለው። ኔልስ በዚያ ባዶ አፉ ሣቀ፣ አንገቱን አቅፎ ይዞ ራሱን በጓንቱ ኮረኮመው። በዚያ ሜዳ ብዙ ድል አይቻለሁ። ከተማው ለተሸነፈበት ጨዋታ ቆሞ እንዲያ ሲያጨበጭብ ግን አይቼ አላውቅም፤ ማስካራዬ እስኪወርድ አለቀስኩ፣ ምን አስዋሸኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ኔልስ ክሊኒኬ መጣ፤ እናቱም ተከትላው። ወንበሩ ላይ ተዘርግቶ «ዶክተር፣ ይግጠሙልኝ» አለ። «ሻምፒዮናውስ? ልማዱስ?» አልኩት። «ትናንት የሁለቱንም አየሁ፤ የቤልሃምን ማታ በስልኬ፣ የእኛን በዓይኔ። ሰው የመጣው የእኛ ዘንድ ነው» አለኝ። እናቱ «ተመስገን!» ብላ ቦርሳዋ ላይ ተቀመጠች፤ ውስጡ የነበረው መነጽሯ ተሰበረ፣ እርሷ ግን አልሰማችም። እኔም ሳጥኑን ከመሳቢያ አወጣሁ፣ ሦስቱን ጥርሶች አጥቤ፣ አድርቄ፣ አፉ ውስጥ አስገባሁ።

እምቢ አሉ። አዙሬ ሞከርኩ፣ ጥቂት ሞርጄ ሞከርኩ፤ አልገባ አሉ። ጥርስ ክፍት ቦታ አይወድም፤ ጎረቤቱ ሲጎድል ግራና ቀኝ ያሉት ቀስ እያሉ ዘንበል ይሉበታል፣ ቦታውን ይዘጉታል። አራት ዓመት ሙሉ እናንተን ሲጠብቅ ያ ክፍተት ጠብቦ ኖሯል፣ እኔም የማውቀውን ነገር ተስፋ አስረስቶኝ ኖሯል። ኔልስ ፊቴን አይቶ «ምነው፣ እነሱም በአራተኛው አኃዝ ነው የጎደሉት?» አለኝ። ሳቅኩና ሦስቱን ጥርሶች ወደ ሳጥናቸው መለስኩ። አዲስ ልሠራለት የአፉን ቅርጽ ወስጃለሁ፤ ለሠርጉ ይደርሳል፣ ለእናቱ ምያለሁ።

ክቡራንና ክቡራት ሆይ፣ ጊዜያችሁን ይህን ያህል በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ስለ ሦስት ነገር ከልብ አመሰግናችኋለሁ፤ ስለ ገለልተኝነታችሁ፣ ስለ ጎጂ ድል ትምህርታችሁ፣ ደግሞም ከተማችን ዘንድሮ የራሷን ሻምፒዮና እንድታዘጋጅ ስለሰጣችሁን ዕድል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ እኔ ግን ለእናንተ ያንን አልመኝም። አንድ ቀን ጣሪያችሁ ቢደረመስ ወደ ሬድ ሌጅ ደውሉ፤ ፔርቲ ያነሣል፣ ምን እንደሚላችሁም ታውቃላችሁ።

በረዶ እስከ ጉልበቷ፣ አክብሮት እስከ አንገቷ የደረሰባት፣ ዘወትር ለጥርሳችሁ ጤና የምታስብላችሁ፣

ዶክተር ሲልቪያ ኬስኪታሎ
የጥርስ ሐኪም፣ ከበረዶ ሜዳው ፊት ለፊት
ሬድ ሌጅ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ያ በቀመር የወደቀው ሦስተኛው ቅሬታ እንቅልፍ ስለነሣኝ በትርፍ ቦታ አስገብቼዋለሁ። ቃል አቀባያችሁ ያን እሑድ «ከሴንት ኦዳ ጋር ባይጫወቱ ኖሮ» ሲል፣ በሴንት ኦዳም ቴሌቪዥን እንዳለ የነገረው አልነበረም። ሃያ ምናምን ልጆች፣ ቤታቸው ፈርሶባቸው ክረምቱን በሰው ሜዳ የከረሙ ልጆች፣ አንድ ላይ ተቀምጠው ያስጠጓቸውን ሰዎች ያስቀሩት እነርሱ መሆናቸውን ከእናንተ አፍ ሰሙ። በዚያው ዕለት አንሰን ለኔልስ ደውሎ፣ ስለ መሸነፉ እያለቀሰ ይቅርታ ጠይቆታል። በእናንተ ፈንታ ይቅርታ የጠየቀው እርሱ ነው፤ አውቶቡሱም የመጣው ለዚያ ነው።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ትንሽ ሳጥን ታገኛላችሁ፤ ውስጧ ሦስት ጥርሶች አሉ። አትደንግጡ፣ ንጹሕ ናቸው። ለማንም አፍ አይሆኑም። የተሠሩት ለእናንተ ሻምፒዮና ነበርና ወደ እናንተ መልሻቸዋለሁ።